ሄስተር የመረጠችው በር

ሄስተርን አርፈሽ ተቀመጪ ማለት ነፋስን አርፈህ ተቀመጥ እንደ ማለት ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎኗን ከመታት ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። በምርኩዟ ከበረንዳ ጓሮ፣ ከጓሮ በረንዳ ስትመላለስ ትውላለች። ቀኝ እግሯ መሬቱን እየጠረገ ይከተላታል፤ ቀኝ እጇማ የሰው እጅ ሆኖባታል። ጓሮ የሚወስዳት ካራቫኗ ናት። በመኪና የምትጎተት፣ ውስጧ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ አሮጌ ቤት ናት፤ ይሁን እንጂ የሄስተር ናት። ባሏ ጋቪ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ወለሏን ቀይሮ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያዋን ደፍኖ፣ አሁን የቀሩት የኩሽናዋ ካቢኔት በሮች ብቻ ነበሩ። የድሮዎቹ በእርጥበት አብጠው ተጥለዋል።

"ምን ዓይነት በር ይሁን ትያለሽ፣ ሄሲ?" ይላታል ጋቪ።

"እኔ የምፈልገው…" ብላ ትጀምራለች። በሽታው ቃሏን አዘገየባት እንጂ አልወሰደባትም። ትንሽ ለታገሣት ሰው ሁሉንም ትናገራለች። ግን ማን ይታገሣል!

"ነጩን ነው፣ አይደል? አውቄዋለሁ። አንቺ ምንም አታስቢ፣ አርፈሽ ተቀመጪ።"

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ያጥባል፣ ያለብሳታል፣ ያቃጠለውንም ወጥ ቢሆን ሠርቶ ያቀርባል። ደግነቱ ግን መፈናፈኛ አሳጣት። ሻይ ላፍላ ብትል እሱ ቀድሞ ምድጃው ጋ ነው። ቢላዋ ብታነሣ ከእጇ ይወስዳል።

ፋሲካ እየመጣ ነበር። የሠፈሩ ሰው ለፋሲካ ካራቫኑን እየጎተተ ከዎርስተር ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ላምበርትስ ቤይ ይወርዳል፤ ከአባቶቻቸው ጀምሮ እንዲሁ ነው። እዚያ ዓሣው ከጀልባ ላይ ይገዛል፤ እያንዳንዷ ሴት በየካራቫኗ ትጠብሰውና በሽንኩርት፣ በእርድና በኮምጣጤ ዘፍዝፋ በጠርሙስ ታሽገዋለች። በስቅለት ዕለት ጠርሙሱ ከካራቫን ወደ ካራቫን ይዞራል። የሰጠ ይቀበላል። ሳይሰጥ የሚቀበለው በሽተኛና ሐዘንተኛ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ሄስተር ሆስፒታል ተኝታ ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ መጣላት። አንዱንም አልቀመሰችውም። ዘንድሮ ደግሞ ጋቪ ደስ የሚላት መስሎት፣ "ዶሪን ለእኛም ጨምራ ትሠራልናለች" ብሎ አበሠራት። ዶሪን! ከሌላ ሰው ሁሉ ዶሪን! ሠላሳ ዓመት ሙሉ "የኔ ዓሣ ይበልጣል፣ የኔ ይበልጣል" ሲባባሉ የኖሩት ጎረቤቷ! ሄስተር ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ዘንድሮም እጇን ዘርግታ ከተቀበለች፣ እስከ ዕለተ ሞቷ "ምስኪኗ ሄስተር" ሆና መቅረቷ ነው። ስለዚህ ዓሣውን ራሷ መሥራት አለባት። ለዚያም በግራ እጇ ብቻ የምትከፍተው ካቢኔት ያስፈልጋታል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ይህንን ግን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጣት አላገኘችም።

አንድ ቀን ጋቪ ብቻውን ሄዶ በሮቹን ይዞ መጣ። ሲቆርጥ ሲያስተካክል ውሎ ገጠማቸው። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጠርዛቸው ክብ የሆነ፣ የሚያማምሩ በሮች ነበሩ።

"ነይ እዪልኝማ!" ብሎ ደግፎ አስገባት።

ግራ እጇን ዘረጋች። በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭኖ፣ ሳይለቁ፣ በሌላው ጣት መሳብ ነው። ተጫነች፤ ስትስብ ለቀቀ። ደግማ ሞከረች። በስንት መከራ ቢከፈት በሩ ወደ ደረቷ መጣ፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ልትል ብትሞክር ቀኝ እግሯ አልነሣ አላት። ጋቪ ክንዷን አፈፍ አደረጋት።

"ቀስ! ምን ፈልገሽ ነው? እኔ እከፍትልሻለሁ።"

"አልከፈት… አለኝ።"

"መንገድ ላይ እንዳይከፈት እኮ ነው። ያንን የጠጠር መንገድ ረሳሽው? ያኔ ካቢኔቱ ተከፍቶ ቀይ ሥሩ አልጋው ላይ ፈስሶ፣ በግ የታረደበት ቤት አልመሰለም?"

እውነቱን ነው፤ መስሎ ነበር። ለዓመታት ሲስቁበት ኖረዋል። ሄስተርም ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሷን ግን ዝምታው ውስጥ ውስጧን ይበላት ጀመር።

በማግሥቱ ጋቪ የጋዝ ሲሊንደር ሊያስሞላ እንደ ወጣ፣ ምርኩዟን ይዛ ወደ ካራቫን ዕቃ መሸጫው አዘገመች። ሱቁ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ለእሷ ግን ሌላ አገር ነበር። ስትደርስ ላብ በጀርባዋ ይወርዳል። ብሮንዊን የምትባለው ሻጭ ልጅ ከባንኮኒው ዘላ ወጣች።

"አንቲ ሄስተር! በእግርዎ? ውይ በሞትኩት፣ ወንበር ላምጣ!"

"አልቀመጥም። በር… አሳዪኝ። በግራ እጅ… የሚከፈት።"

ብሮንዊን ቃሉ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ግራ ገባት። "ታዲያ ባልዎ ኦም ጋቪ ያንን በር ለምን ወሰዱ? እኔማ የልጅ ልጆች ሊመጡባችሁ ነው ብዬ ነበር።"

"የምን… ልጅ?"

"'ልጅ ሊከፍተው የማይችል ስጪኝ' አሉኛ! እኔም ሕፃን ያለበት ሰው የሚወስደውን ሰጠኋቸው።"

ሄስተር ቤት ትንሽ ልጅ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ያለቻቸው አንዲት ልጅ ጆሃንስበርግ ናት፤ እሷም ፀጉሯ ሽበት ጀምሮታል። ሄስተር ምርኩዟን ጨብጣ ቆመች። ልጅ የተባለችው ራሷ ናት! ደሟ ፈላ። በገዛ ካራቫኗ፣ በገዛ ኩሽናዋ፣ ድስት እንዳትነካ የተቆለፈባት ሕፃን! አርባ ዓመት ያበላችው ባሏ!

ግድግዳው ላይ ለማሳያ የተሰቀሉትን በሮች አንድ በአንድ በግራ እጇ ትሞክር ጀመር። አንዱ ማጠፊያው ጠጣር ነው፤ ሌላው እጀታው ትንሽ ነው። ጥጉ ላይ ደግሞ ቢጫ የፕላስቲክ ተንሸራታች በር ነበር። በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ሄደ። መለሰችው፤ መጣ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለት አያስፈልግም።

"ይሄን።"

"ኧረ አንቲ! ይሄ እኮ ፉንጋ ነው። ሰው ሁሉ የዶሮ ቤት በር ነው ብሎ ትቶት እዚህ የከረመ ነው!"

"ዶሮዋ… ምን አገባት። መንገድ ላይስ… ይከፈታል?"

"ጫፉ ላይ ሽብልቅ ከሰኩበት ንቅንቅ አይልም።"

ብሮንዊን እሷንም በሮቹንም ፒክአፕ ላይ ጭና አደረሰቻት። ጋቪ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"የት ሄደሽ ነው? ያላንኳኳሁት ቤት የለም እኮ! ብትወድቂስ? ብትሞቺስ?"

"ልጅ… የማይከፍተው!" አለችው።

ጋቪ ብሮንዊንን አያት። ብሮንዊን ነገሩ ገብቷት፣ "ሱቁን ክፍት ጥዬ ነው የመጣሁት" ብላ በሮቹን አጥሩ ላይ አስደግፋ እብስ አለች።

"ልጅቷ… እኔ…"

"ደክሞሻል፣ ነይ ግቢና…"

"ልጨርስ!" በምርኩዟ የካራቫኗን ጎን ደለቀችው። "ልጅቷ… እኔ ነኝ? ሚስትህ… ነኝ ወይስ… ልጅህ?"

ጋቪ ካራቫኗ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

"በሽታው የጣለሽ ቀን አንቺ አላየሽም" አለ። "ያየሁት እኔ ነኝ። ዘይቱ በእሳት ተያይዟል፤ መጋረጃው ይነዳል፤ አንቺ ወለሉ ላይ ነሽ። ሞታለች ብዬ ነው የገባሁት። ምድጃ አጠገብ በቆምሽ ቁጥር ያ እሳት ይታየኛል፣ ሄሲ። ፈራሁ፣ ፈራሁ፣ መላው ሲጠፋኝ በር ገዛሁ።"

አንጀቷን በላው። ያን ሽማግሌ ራሱን ደባብሳ "ይሁን፣ እንዳልክ" ልትለው ምንም አልቀራትም ነበር። ግን አሁን ካዘነችለት እንዳለቀላት ታውቃለች።

"ፍታቸው።"

"ሄሲዬ…"

"እኔም… እፈራለሁ። ፍታቸው!"

ጋቪ ካቻቢቴውን አነሣ። ያን የሚያምር ሥራውን እያፈረሰ፣ አንዴ ያጉረመርማል፣ አንዴ አፍንጫውን ይጠርጋል። ሄስተር ጨርሶ እስኪፈታቸው ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለችም።

ላምበርትስ ቤይ ሲደርሱ ቢጫዎቹ በሮች በሽብልቃቸው እንደ ተዘጉ ነበሩ። ዓሣው ከጀልባ መጣ። ሄስተር ጋቪን ከካራቫኗ አስወጣችና በሩን ዘጋችበት። እሱም ባልዲ ሙሉ ውኃ አንጠልጥሎ ካራቫኗን ይዞር ጀመር።

"ሄሲ፣ አለሽ?"

"አለሁ!"

ዘይቱ ሲንጫጫ ይሰማል። "አለሽ?"

"አለሁ አልኩህ!"

ዘይት እጇ ላይ ተፈናጥሮ ነበር፤ ጋቪ እንዳይሰማት ከንፈሯን ነክሳ ጩኸቷን ዋጠችው። ጣውላ ላይ ሚስማር አስመትታ፣ ሽንኩርቱን ሚስማሩ ላይ ሰክታ ነው የከተፈችው። አንዱ ቁራጭ እንደ ወረቀት፣ አንዱ እንደ አውራ ጣት። ኮምጣጤው ጠርሙሱ ከእጇ አምልጦ ከልኩ በላይ ፈሰሰ። ምድጃውን አጥፍታ በሩን ስትከፍት ጋቪ ባልዲውን አስቀምጦ ፊቱን አዙሮ እንባውን ጠረገ።

በስቅለት ዕለት ጋቪ ጠርሙሶቿን ይዞ በየካራቫኑ አደለ። ብዙም ሳይቆይ ሴቶቹ ይመጡ ጀመር።

"ውይ ሄስተር፣ እጅሽ ይባረክ!"

"እንዴት ይጣፍጣል፣ በእውነት! የዘንድሮውስ ከሁሉም በለጠ!"

ሄስተር ፈገግ አለችላቸው፤ ልቧ ግን ስብር አለ። እነዚህ ሴቶች በሕይወት ዘመናቸው አንዷ የሌላዋን ዓሣ አመስግነው አያውቁም። አንዷ ጨው በዛበት ትላለች፣ አንዷ አጥንት ታወጣለች፣ አንዷ "እርዱን ከየት ለቅመሽው ነው" ትላለች። ልማዱ እንዲህ ነው። የሚመሰገነው የበሽተኛ ዓሣ ነው።

በመጨረሻ ዶሪን መጣች፤ በአንድ እጇ ጠርሙሱን፣ በሌላው ሹካ ይዛ፣ ግንባሯን ቋጥራ።

"አንቺ ሄስተር! ይሄ ሽንኩርት ነው የአጥር እንጨት? ኮምጣጤውንስ በባልዲ ነው የደፋሽበት? ጥርሴን ሊያረግፈው ነው እኮ! ሠላሳ ዓመት ስነግርሽ አንድ ቀን አትሰሚ!"

ጋቪ ብድግ አለ። "ዶሪን! ምን ነካሽ? ሰው እኮ ከበሽታ…"

"አንተ… ዝም በል!" አለችው ሄስተር። ወደ ዶሪን ዞረች። ፊቷ በርቷል። "ያንቺማ… ያንቺማ…"

ቃሉ እምቢ አላት። ሁሉም ጠበቀ። ዶሪንም ሹካዋን እንደ ያዘች ጠበቀች፤ አልረዳቻትም።

"ያንቺማ… ድመትም… አይበላው!"

"ኤዲያ!" አለች ዶሪን፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሌላ ቁራጭ በሹካዋ አወጣች። እየበላች ስለ ኮምጣጤው ልክ ስትነዘንዝ፣ ሄስተር እየሳቀች እንባዋ በአገጯ ይወርድ ነበር።