ያልሰጠምኩበት ወንዝ

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ መስኮቴ ስር እሞታለሁ። የሚገድለኝ ደግሞ ባዳ አይደለም፤ የወንድሜ ልጅ ነው። ቀይ ዣንጥላውን ከፍ አድርጎ ቱሪስቶቹን ድልድዩ ላይ ያሰልፍና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያቺን ትንሽ መስኮት አያችኋት ወይ ይላቸዋል። ካሜራውና ስልኩ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። እኔ ያን ጊዜ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ።

እንደ እሱ አባባል፣ ከብዙ ዘመን በፊት በዚያ ቤት አንዲት ሙሽራ ነበረች። የምትወደው ወታደር ጦር ሜዳ ቀረ፤ አባቷ ለሌላ ሰው ዳራት፤ እሷም በሰርጓ ዋዜማ ነጭ ቬሎዋን እንደለበሰች ከመስኮቱ ዘላ ወንዙ ውስጥ ሰጠመች። እዚህ ላይ ትንሽ ዝም ይላል። ዝምታውን ሳይቀር አጥንቶታል። ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ፣ አንዳንዱ አበባ ይወረውራል። እኔም እንዲሰማቸው ብዬ የስፌት ማሽኔን ጠንከር አድርጌ እረግጣለሁ።

"ከሞቱ አሟሟቱ" ይባላል፤ እውነት ነው። እኔን ያበገነኝ መሞቴ አይደለም፣ ሰጠመች መባሌ ነው። እዚህ ወንዝ ዳር የተወለድኩ፣ ከመራመድ እኩል መዋኘት የተማርኩ ሴት እንዴት ነው የምሰጥመው?

እውነቱ ይኸውላችሁ። ወታደር የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ የመረጠልኝ ሰውዬ ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን አልፈለግኩትም። አልፈልግም ብዬ ብናገር የሰማኝ የለም። ስለዚህ በሰርጌ ዋዜማ ቬሎዬን መስኮቱ ላይ ሰቅዬ በውስጥ ልብሴ ዘለልኩ። ቬሎውን የሰፋሁት ራሴ ነኝ፤ ጨርቁ ውድ ስለነበረ ማበላሸቱ አሳዘነኝ። ደግሞስ ያን ሁሉ ጨርቅ ለብሶ ማን ይዋኛል? ወንዙን ተሻገርኩ፣ ማዶ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ልብስ ሰጠችኝ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ትልቁ ከተማ ሄጄ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጠርኩ። አባቴ የተሰቀለውን ቬሎ ሲያይ፣ ልጁ ኮበለለች ከሚባልበት ሰጠመች ቢባል ይሻለኛል ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ።

የተመለስኩት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። የወንድሜ ሚስት በወሊድ ሞታ፣ ወንድሜ ጨቅላውን ታቅፎ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጥቶ ነበር። ማሽኔን በጀልባ ጭኜ መጣሁ። ያ ጨቅላ ነው ዛሬ ዣንጥላ የያዘው። ጡጦ አጥብቼ፣ ሱሪውን ሰፍቼ፣ በዚሁ ወንዝ መዋኘት አስተምሬ አሳደግኩት። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይኼ ነው።

የከተማው ሰው ሁሉ እውነቱን ያውቃል። ግን ከተማው ዛሬ እንጀራውን የሚበላው በሟቿ ነው። የጫማ ሰፊው ቤት ተዘግቶ አሁን የሟቿ ሥዕል ያለበት፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ይሸጥበታል፤ ሥዕሉ እኔን አይመስልም፣ አፍንጫዋ ቀጭን ነው። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ እንኳ ብስኩቷን "የሙሽራዋ እንባ" ብላ መሸጥ ጀምራለች። እኔንም በፍቅር "ሟቿ" ይሉኛል። ሟቿ፣ ዳቦ አልቋል፣ ነገ ማልደሽ ነይ ይሉኛል፤ እኔም እስቃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኛ ከተማ እያደር የጠራው ውሸቱ ነው። አንድ ቀን አንዷ ቱሪስት መስኮቱ ላይ አይታኝ ያቺ አሮጊት ማናት ብላ ጠየቀች። ውሃ ድምፅ አይደብቅም፣ ድልድዩ ላይ የተነገረ ሁሉ ክፍሌ ይገባል። የወንድሜ ልጅ ምንም ሳይደነግጥ "የሟቿ እህት ናት" አላት። የዚያን ቀን እራት አላቀረብኩለትም።

ያም ሆኖ ችዬው ነበር። ነገር የመጣው መስኮቴን የነኩ ጊዜ ነው።

የቱሪዝም ቢሮው ኃላፊ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ለስላሳ ወጣት፣ መጥቶ እማማ እያለ አስረዳኝ። መስኮቱ ሊደፈን ነው። በቦታው የሙሽራዋ ምስልና የአሰጣጠሟ ታሪክ የተቀረጸበት ድንጋይ ይገባል፤ ለእኔ ደግሞ አምፖል ይጨመርልኛል። ቱሪስቶቹ ሊያለቅሱ ሲሉ በሟቿ መስኮት ላይ የተሰጣ ካልሲ ያዩና ስሜታቸው ይበላሻል አለኝ፣ እሱም እያፈረ።

"እኔ የምሰፋው በዚህ ብርሃን ነው" አልኩት።

"እማማ፣ ይሄ መስኮት እኮ ቅርስ ነው።"

"ከመስኮቱ ጋር የኖርኩት እኔስ ምንድን ነኝ?"

ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። ፈቃድ ነው፤ ቤቱ ከወንድሜ ወደ ልጁ የተላለፈ ነው፣ ልጁም ተስማምቷል። ኃላፊው ሲወጣ ጭራሽ ለምርቃቱ ቀን ድንጋዩ የሚሸፈንበትን ጨርቅ እንድሰፋ አዘዘኝ። በከተማው የቀረሁት ልብስ ሰፊ እኔ ብቻ ነኝና ሰፋሁለት። የገዛ መግነዜን በገዛ ማሽኔ፣ ጠርዙን ሳይቀር እጥፍ አድርጌ ሰፋሁ።

የወንድሜን ልጅ ምሳ ላይ ያዝኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ ልጆቹን ምን ያብላቸው፣ ድልድይማ ሌላውም ከተማ አለው፣ ሰው እዚህ ድረስ የሚመጣው ለሙሽራዋ ነው እያለ አወራልኝ።

"እሺ፣ ተረቱን እንዳለ ተወው" አልኩት። "መጨረሻው ላይ ብቻ ማዶ ትውጣ።"

"እቴቴ፣ ዋኝታ ለወጣች ሴት ማን ያለቅስላታል?"

"ማን አልቅሱልኝ አለ?"

ዝም አለ። ድልድዩ ላይ እንደሚለው አይደለም፤ ይኼኛውን ዝምታ አላጠናውም። ግን ከሐሳቡ አልተመለሰም። ድንጋዩ አልቋል፣ ከንቲባውም ይመጣሉ፣ ተይ እባክሽ ብሎ ለመነኝ። ተናድጄ ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁበት።

በምርቃቱ ቀን ድልድዩ በሰው ግጥም አለ። ድንጋዩ እኔ በሰፋሁት ጨርቅ ተሸፍኖ ከመስኮቴ ስር፣ ወንዙ ዳር ቆሟል። ግንበኛው ሲሚንቶውን አቡክቶ ይጠብቃል። ከንቲባው ተናገሩ፣ ኃላፊው ተናገረ፣ ከዚያ የወንድሜ ልጅ ዣንጥላውን አንስቶ ጀመረ። እኔ ያን ጊዜ ከቤት እየወጣሁ ነበር። የቤቴ በር ደፍ ለጉልበቴ ከፍ ይላል፤ ሁልጊዜ ግድግዳ ይዤ፣ የሠራውን ሰው እየረገምኩ ነው የምወርደው። ያን ቀን እርግማኑ ለከንቲባውም ተርፏል።

ወንዙ በበጋ ቀጭንና ሰነፍ ነው። ክረምት ቢሆን አልሞክረውም ነበር፤ ተናደድኩ እንጂ አላበድኩም። ልብስ የሚታጠብበት ደረጃ ላይ ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ቋጥሬ ቆምኩ። "ወንዙም ውጦ አስቀራት" ሲል ገባሁ።

ብርዱ እናቴን አስጠራኝ። ግን ጉልበቴ የሚያመኝ ደረጃ ላይ እንጂ ውሃ ውስጥ አይደለም፤ እግሬም ቢሆን ማሽን ሲረግጥ የኖረ እግር ነው። መሃል ላይ ደከመኝ፣ አልዋሽም። በጀርባዬ ተንጋለልኩና ሰማዩን እያየሁ ትንሽ አረፍኩ። ከድልድዩ ላይ ሰጠመች፣ ሰጠመች እያሉ ሲጮኹ ሰማሁ። ዛሬም ሰጠመች። ጀልበኛው እየቀዘፈ ደረሰና መቅዘፊያውን ዘረጋልኝ።

"ይህን እንጨት ካላነሳህ በራሱ አቀምስሃለሁ" አልኩት።

አነሳና እስከ ማዶ ከጎኔ ከጎኔ እየቀዘፈ አጀበኝ።

አወጣጤ ያማረ አልነበረም። ጭቃውን በእጅ በእግሬ ቧጥጬ ወጣሁና እዚያው ዘፍ አልኩ። አንዲት ሴት ማናት እሷ ብላ ስትጠይቅ ውሃው አመጣልኝ። የወንድሜን ልጅ አየሁት፤ ዣንጥላው ወርዷል። ኃላፊው ጆሮው ስር ተጠግቶ አንድ ነገር ይለዋል፤ እህቷ ናት በል እንደሚለው አልጠፋኝም። በዚያች ሰዓት እህቷ ናት ቢል ኖሮ፣ እውነትም ሞቼ ነበር።

"ራሷ ናት" አለ። ቀጥሎም ድምፁ እየተቆራረጠ ጮክ አለ፦ "ሙሽራዋ እሷ ናት። አልሰጠመችም። እኔን መዋኘት ያስተማረችኝ እሷ ናት።"

ማንም አላለቀሰም። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ብቻ ከድልድዩ ተንጠልጥላ፣ ሟቿ፣ ብርድ እንዳይመታሽ ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ግን ጭቃው ላይ ተቀምጬ፣ ሰርጌን ጥዬ ስሄድ እንኳ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

የግንበኛው ሲሚንቶ ባልዲው ውስጥ ደረቀ። የወንድሜ ልጅ በማግስቱ ቢሮ ሄዶ የሰጠውን ፈቃድ ሻረ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ቀነሰበት፣ አበባ የሚወረውርም ጠፋ። አሁን ድልድዩ ላይ ቆመው በምን ልብስ ነው የዋኘችው እያሉ ይከራከራሉ፤ እኔም ደስ ሲለኝ በመስኮቴ እመልስላቸዋለሁ። ኃላፊው ሰላምታዬን አይመልስም፤ ጤና ይስጠው።

ድንጋዩ የሚፈልገው አጥቶ ወንዙ ዳር ወድቆ ሰነበተ። ስለ እኔ የተጻፈ ነው፣ የኔ ነው አልኩ። የወንድሜ ልጅና ግንበኛው ተሸክመው አመጡልኝና ጽሑፉን ወደ ታች አስደፍቼ ከቤቴ በር ደፍ ስር አስቀመጥኩት። ከፍታው ልክ ሆነልኝ። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ረግጬው እወጣለሁ፣ ስመለስም ረግጬው እገባለሁ።