ፈረስ ቆሞ አይፈተንም

አቶ ይኸነው ልባቸው በአልትራሳውንድ የሚታይበት ቀን ሲደርስ ዳማ ፈረሳቸውን ጭነው ወጡ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ደረታቸው ውስጥ እንግዳ ድምፅ ከሰማ ወዲህ ልጃቸው እንቁ ቁርጡን ተናግራለች፤ ልባቸው ሳይታይ ለጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል ኮርቻ ላይ አይወጡም። ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ቀርተውበት የማያውቁት በዓል ነው።

ከእንጅባራ መግቢያ እስከ ሆስፒታሉ አጥር ሽምጥ ጋለቡ። ባጃጆች ጥግ ያዙላቸው።

ዶክተር ናርዶስ መሣሪያውን ደረታቸው ላይ እንዳሳረፈች ቅንድቧ ተነሣ።

«አባባ፣ ልብዎ እንዲህ የሚመታው ምን ሆነው ነው?»

«ጋልቤ።»

«ከማን ሸሽተው?»

«ከማንም። ፈረስ ልትገዢ ብትሄጂ አቁመሽ ትፈትኚዋለሽ? ልቤንም ሲሮጥ ታይው ብዬ ነው።»

«እኔ ቅርጹንና አሠራሩን የማየው ሲያርፍ ነው።»

«አርፈው ይምጡ ብዬዎት ነበር» አለች ቀድማ ደርሳ ስትጠብቃቸው የቆየችው እንቁ።

«ተቀምጬ አይደል የመጣሁት?»

ዶክተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ልባቸው እስኪረጋ አስወጣቻቸው። እንቁ ክንዳቸውን ይዛ፣ የላበ ፈረስ እንደሚደረገው፣ ግቢውን በዝግታ ታዞራቸው ጀመር። ወረፋ የሚጠብቁ አንዲት እናት ይህን አይተው እንቁን፣ «ላቡ ሳይደርቅ ውኃ እንዳታጠጪው» አሉ። አግዳሚው ወንበር ሙሉ ሳቀ። አቶ ይኸነውም ሳቁና ደረታቸውን ያዙ።

«እባካችሁ፤ እንደገና ልታስጋልቡኝ ነው።»

ተመልሰው በግራ ጎናቸው ሲተኙ ልባቸው ረግቷል። ስክሪኑ ላይ የልባቸው ክፍሎች ይሰፋሉ፣ ይጠባሉ፤ ቀይና ሰማያዊ ይፈራረቃል። ሳቃቸው ቆመ።

«ሰማያዊው ምንድን ነው?»

«እሱም ደም ነው። ወደ መሣሪያው ሲመጣ ቀይ፣ ሲርቅ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።»

ከዚያ መሣሪያውን እያዘዋወረች ብዙ አየች።

«አንደኛው የልብዎ በር ሲዘጋ በጥቂቱ ያፈስሳል፤ ድምፁ የእሱ ነው። በየጊዜው እናየዋለን። ቅርጹ ግን መልካም ነው፤ ደም የመግፋት ኃይሉም ደኅና።»

«ጥር ሃያ ሦስትስ?»

«ይጋልባሉ። የዛሬው ግን ይበቃዎታል።»

ሸሚዛቸውን ቆልፈው ሲወጡ እንቁ ዳማው ላይ ጉብ ብላለች፤ ባጃጅም አቁማላቸዋለች። አጉረመረሙ፤ ገቡ። መንገድ ላይ ሹፌሩ ፈረሱን ሊያልፍ ጡሩምባ ሲነፋ ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

«ቀስ በል፣ ልጄ። ጥር ሳይደርስ ፈረሱን ባጃጅ ቀደመው አታሰኘኝ።»