የውኃው መንገድ

ዝናቡ ሲያባራ አያ ዋኘው በሬውን እየነዳ ከየትነበርሽ ማሳ ደረሰ። ሁለቱ ጎረቤታሞች የሚያርሱት ከዛሪማ በላይ ባለው ተዳፋት ነው። ያላቸው ለየራሳቸው አንድ አንድ በሬ ስለሆነ አቀናጅተው በተራ ይጠምዳሉ። የዛሬው ተራ የእሷ ነው፤ የማሽላ ዘሯም በቁና ተቀምጧል። ከዚያ ሌላ ዘር የላትም። በቅሎ ከደረቀባት የዓመቱ ቀለብ በዚያው ቀረ ማለት ነው።

የትነበርሽ ግን ዘሩን ትታ መሬቱን በዶማ ትቆፍራለች።

«ምነው፣ የተቀበረ ወርቅ አለ እንዴ?» አላት።

«አንድ ነገር አልገባ ብሎኝ ነው አያ ዋኘው። አምና ያንተም የኔም ማሽላ ባንድ ሰሞን ተዘራ። ዘሩም ካንተው ጎተራ የወጣ ነው። ዝናቡስ ቢሆን አንተ ዘንድ ዘንቦ እኔን አልዘለለኝ። ልጄ ሐረገወይን ከጎንደር ደውላ ‹ሬዲዮው ዝናቡ በቂ ነው አለ› ስትለኝ፣ እኔ ባዶ ዛላ ይዤ ቆሜያለሁ። ያንተ አንገቱን ሲደፋ የኔ ምነው ቀጥ ብሎ ቀረ?»

«የኔ ማሽላ ጨዋ ነው፤ ሰው ሲያይ አንገቱን ይደፋል።»

አልሳቀችም። ከጉድጓዱ አፈር ዘግና አሳየችው። ላዩ ጭቃ፣ ከስንዝር በታች ግን ዱቄት ነው። ከዚያ ቁልቁል ወርዳ፣ ሳታስፈቅድ ከግርጌዋ ያለውን የእሱን ማሳ ቆፈረች። እጇ እስከ ክርኗ በእርጥብ አፈር ውስጥ ገባ።

ቀና ብላ ሽቅብ ተመለከተች። የእሷ መሬት ወንድማማቾች ሲካፈሉት እንደ መቀነት ጠቦና ረዝሞ የቀረ ነው። አማቷም ባሏም እሷም በሬ ማዞሩን ፈርተው ሁልጊዜ ቁልቁል ሲያርሱት ኖረዋል። እያንዳንዱ ትልም አሁንም ውኃ ያንጠባጥባል። የትልሞቹ አፍ ሁሉ ቀይ ደለሉን የተፋው አያ ዋኘው ማሳ ላይ ነው።

«አንተ ሰውዬ! ዝናቤን ስትበላ ኖረሃል!»

ወርዶ አየ፤ ጢሙን ዳበሰ። «እኔ እኮ በጸሎቴ መስሎኝ ነበር።»

«ዛሬ አልዘራም። አግድም እንረሰው።»

«በዚህ ጠባብ? በሬዎቹ ሲዞሩ ሊውሉ ነው! ተራሽም በዚሁ ያልቃል። ነገ ሰኔ ሚካኤል ነው፣ አይታረስም። ከነገ ወዲያ የኔ ተራ ነው። እስከዚያ ዝናቡ ቢጠፋስ?»

የትነበርሽ ቁናውን አየችው። ከዚያ ዱቄቱን አፈር እንደገና ዘግና በጣቶቿ መሃል አፈሰሰችው።

«ከስንዝር በታች ሥሩ ምን ሊጠጣ?» አለችና ቀንበሩን አነሣች።

አረሱ። አያ ዋኘው በሬዎቹ በዞሩ ቁጥር «ጨፈርን እንጂ መች አረስን!» ይላል።

በሚካኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። የትነበርሽ የማዳበሪያ ጆንያ ተከናንባ ከማሳዋ መሃል ቆመች። ውኃው ወደለመደው ቁልቁለት ሊሄድ ሲል ትልሙ ያዘው። ሞላ፣ ተኛ፣ ቀስ ብሎ ሰመጠ። ከማሳዋ ግርጌ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

አያ ዋኘው ከድንበሩ ላይ ጮኸ፦ «ውኃዬን ወዴት ወሰድሽው?»

«ያንተ ነበር?»

ሲያባራ እጇን አፈሩ ውስጥ ከተተች። ክርኗ ድረስ ገባ፤ ደረቁን ፈለገች፣ አጣችው። ከታች አያ ዋኘውም የእሷ ደለል ባልደረሰበት የማሳው ጥግ ተንበርክኳል። የእሱ እጅ ከአንጓው አላለፈም። እጁን መዝዞ አፈሩን አራገፈ።

«ነገ ጠዋት ዘርሽን ዝሪ» አላት በመጨረሻ።

«ተራው ያንተ አይደል?»

«ከሰዓት የኔን አግድም ታርሺልኛለሽ። በሬዎቹም መዞሩን ለምደውታል።»

«እንደ ማሽላህ ጨዋ ነህ» አለችውና ጭቃ እጇን ሳትታጠብ ቁናዋን ልታይ ወደ ቤት ሄደች።