ሙድ የያዘብኝ ቴሌቪዥን

እጄ ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ጅጅጋ መናኸሪያ ውስጥ «የዘነበ እጅ እኮ አለቀለት» ያላለ ሾፌር የለማ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬውን ከሁሉም ኋላ የሰማሁት እኔው ነኝ።

ከጅጅጋ ሐረር ሚኒባስ ስነዳ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። መኪናው የሐጂ ማሃሙድ ነው። ያለፈው ክረምት ጎማ ስቀይር ክሪኩ ተንሸራቶ የቀኝ እጄን አንጓ ሰበረኝና በጄሶ ከረምኩ። ሐኪሙ ጄሶውን ሲፈታልኝ ጣቶቼን አስጨብጦ፣ አስለቅቆ፣ «ድነሃል፤ ንዳ» አለኝ። እስከዚያ መኪናውን በእኔ ምትክ ሌላው ሾፌር ካሂን ይዞት ነበር። ካሂን ክፋት የሌለው ልጅ ነው፤ ምላሱ ብቻ ፍሬን የለውም።

ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ ወዳጄ ዐብዲራሺድ ጌም ቤት አለው። ተራ የምንጠብቅ ሾፌሮች እዚያ ገብተን በጆይስቲክ ኳስ እንጫወታለን። በዚያ ጀርባው ባበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ዘመን የሚያሸንፈኝ አልነበረም፤ ጉራ አይደለም፣ ጠይቁ። እኔ በጄሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ታዲያ ዐብዲራሺድ ከድንበሩ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ ግድግዳ የሚያህል ዘመናዊ ቴሌቪዥን አስመጣ። የተጫዋቾቹ ላብ ሳይቀር ይታያል።

ጄሶዬን በፈታሁ ማግስት ሄጄ ከካሂን ጋር ተቀመጥኩ። አራት ለባዶ ቀጣኝ። ምታ ብዬ ስጫን ኳሱ ከእግሬ ተነጥቋል። በረኛዬን ሳስዘልል ኳሱ መረብ ውስጥ ተቀምጧል። ደገምን፤ ያው ነው።

«ወርያ ዘነበ፣ እጅህ አሁንም ጄሶ ውስጥ ነው እንዴ?» አለ ካሂን።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እነዚያው ሰዎች እኮ ስሰበር ሥራቸውን ጥለው ሆስፒታል ያደረሱኝ ናቸው! ሙድ ያዙብኝ እንጂ «ቴሌቪዥኑ ይሆን እንዴ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔስ ምን ብዬ ልከራከር? ካሂንም የሚጫወተው በዚያው ቴሌቪዥን ነው።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ቀለምወርቅ ሻይ አቀረበችልኝ፤ ብርጭቆውን በግራዬ ተቀበልኳት። የግራ እጄን አየችው። ትንሿ ልጃችን ማህደር «እቀፈኝ» ስትል ቀኜን አላመንኩትም፤ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ አወጣኋት። የሚያናድደኝ ይህ ነው። መሸነፉስ ይሁን፤ የገዛ እጄን እንድጠረጥር አደረጉኝ።

ወሬው ሐጂ ማሃሙድ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጌም ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኙኝ።

«ዘነበ፣ ልጄ፣ በጨዋታ የዘገየ እጅ ካራማራ ጠመዝማዛው ላይ ከባድ መኪና ድንገት ሲመጣበት ምን ይሆናል? የምትጭነው ሰው ነው። መኪናው ካሂን ጋ ይቆይ» አሉኝ። ቁልፉን በጣታቸው ይዘውታል።

«ሐጂ፣ ሐኪሙ እኮ ድነሃል ብሎኛል!»

«ሐኪሙ ስትጫወት አላየህም። እነዚህ ግን በዓይናቸው አይተውሃል።»

ደሜ ፈላ። የተማረው ሐኪም ሳይታመን የጌም ቤት ወሬ ይታመናል! «እንግዲያው እርስዎም ገብተው በዓይንዎ ይዩኝ» ብዬ በሩን ከፈትኩላቸው። ንዴቴ ነው ያናገረኝ፤ ከካሂን ጋር ተቀምጬ ጆይስቲክ ስጨብጥ ነው በራሴ እጅ እንጀራዬን ልቆርጥ እንደሆነ የገባኝ።

ጨዋታው ተጀመረ፤ መከራዬም ተጀመረ። ሐጂ ከኋላዬ ቆመው ከንፈራቸውን ሲመጡ እሰማለሁ። ተስፋ ቆርጬ አንድ ኳስ ከሩቅ መታሁ። ያኔ ጆይስቲኩ መዳፌ ውስጥ ተርገፈገፈ። ኳስ የግቡን ብረት ሲመታ ጆይስቲክ እንደሚርገፈገፍ የተጫወተ ሁሉ ያውቃል። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ኳሱ ገና አየር ላይ ነበር! ብረቱን የመታው ከዚያ በኋላ ነው።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

«ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀመረው» አለ ካሂን።

«ዝም በል አንተ! ሐጂ፣ እስቲ ይህን አብረውኝ ይያዙት።»

ግራ እየገባቸው ጆይስቲኩን ከእኔ ጋር ጨበጡ። እንደገና ብረት እስኪመታልኝ ድረስ ስንቴ እንደሞከርኩ! በመጨረሻ መታ። የሐጂ ፊት ተለወጠ።

«መጀመሪያ ነዘረኝ። ኋላ መታ» አሉ ቀስ ብለው።

«እኮ! ንዝረቱ በቀጥታ ከማጫወቻው ነው የሚመጣው። ምስሉ ግን በዚህ ግድግዳ በሚያህል ጉድ ውስጥ ዞሮ ነው የሚደርሰን። የዘገየው ምስሉ ነው እንጂ እጄ አይደለም!»

«ካሂንስ ለምን አይዘገይም?» አለ ዐብዲራሺድ።

«ለምዶታላ! እኔ በጄሶ ሳለሁ ሁላችሁም ሳታዩ ቀድማችሁ መጫን ለምዳችኋል። አይቶ የሚጫን እኔ ብቻ ነኝ።»

ሪሞቱን ከዐብዲራሺድ ቀማሁት። የምስል ማስተካከያውን ስከፍተው ሁሉም ነገር በዓረብኛ ነው። በሩ ላይ ለስላሳ የምትሸጠውን የዐብዲራሺድን እህት ዋርዳን ጠራናት፤ ዓረብኛ ከእሷ በላይ የሚያነብ በሰፈሩ የለም።

«እዚህ የተመረጠው ምን ይላል?» አልኳት።

«ርያዳ። ስፖርት ማለት ነው።»

«ማነው ስፖርት ላይ ያደረገው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ዐብዲራሺድ ደረቱን ነፍቶ። «ኳስ ስፖርት አይደል? ዋላሂ፣ ምስሉ ቅቤ ሆነ።»

ቅቤ እንዲሆንለት ቴሌቪዥኑ እያንዳንዱን ምስል ይዞ ሲያሽ፣ ሲያለሰልስ፣ እኔ ደጅ ስጠና ሰንብቻለሁ። ሰዎቹ ብቻ አይደሉም፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ሙድ ይዞብኝ ኖሯል!

«ከሥሩ ያለውስ?»

«አልዓብ» አለች ዋርዳ። «መጫወቻ።»

«እሱንማ ዋርዳ ያኔም አንብባልኝ ነበር» አለ ዐብዲራሺድ። «መጫወቻ ስትል የሕፃናት ነገር፣ አሻንጉሊት ምናምን መስሎኝ ተውኩት። እኛ ትልልቅ ሰዎች ነን።»

ትልልቅ ሰዎች! በአሻንጉሊት ሰበብ እንጀራዬ ሊቆረጥ!

መጫወቻው ላይ አደረግነው። ቀለሙ ደብዘዝ አለ። ጨዋታው ሲቀጥል ግን የካሂን በረኛ ኳሱ ሳይመታ ይወድቅ ጀመር፤ ተከላካዩ ባዶ ሣር ላይ ይንሸራተታል። እኔ ያየሁትን ስጫን የተጫንኩት ይሆናል። ስንት እንዳገባሁበት አልናገርም፤ እሱኑ ጠይቁት። ታዲያ ከኋላ የተቀመጡት ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ዐብዲ፣ ቴሌቪዥኑን አበላሸብን! ወደ ርያዳው መልሰው!»

ውሸቱን ለምደው እውነቱ ሲመጣ ተበላሸ ይላሉ! ልክ ልካቸውን ልነግራቸው ብድግ ስል ሐጂ «ዘነበ!» ብለው ጠሩኝ። ዞር ከማለቴ ቁልፉን ወረወሩት። ሳላስበው በቀኜ ቀለብኩት።

ሐጂ እጄን አዩ፤ ከዚያ ወደ መሬት አቀረቀሩ። «የነገ ጧቱ ተራ ያንተ ነው» ብለው ወጡ።

የዚያን ቀን ቤቴ ስገባ ማህደርን በቀኜ ብድግ አድርጌ አቀፍኳት። ቀለምወርቅ አሁንም አየችን፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ይኸው ካራማራን በየቀኑ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ይቅርታ ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም፤ ካሂንም፣ ዐብዲራሺድም፣ ሐጂም አላሉኝም። በርያዳ ልከውት ይሆናል። እየጠበቅኩ ነው።