ስምንተኛው ቋጠሮ

ብራናው በጠባብ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰው ሰኞ ጠዋት ነው። ርዝመቱ መቶ ሠላሳ ሁለት ሳንቲሜትር፣ ወርዱ ዘጠኝ። በአንደኛው ጫፉ ቀጭን የቆዳ ማሰሪያ ተሰፍቶበታል። ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ምጥ የያዛት ሴት ሆዷ ላይ የምትታጠቀው የጸሎት መቀነት ነው። አንዷ ስትገላገል ለሌላዋ ይዋሳል፤ እንዲህ እያለ ከቤት ቤት ይዞራል። የእኔ ሥራ እንዲህ ያለውን ማደስ ነው። የቆሸሸውን አጸዳለሁ፣ የተጨማደደውን አቀናለሁ፣ የተቀደደውን እጠግናለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል።

ጽሑፉ አንድ ልመና እየደጋገመ ይመላለሳል፦ «የማኅፀን በር በእጅህ ነው፤ ለ… ክፈትላት።» ከ«ለ» ቀጥሎ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ስም ተጽፎበት አያውቅም። እያንዳንዷ የራሷን ስም በአፏ ትሞላዋለች።

ማሰሪያው በተቋጠረበት ቦታ ሁሉ ብራናው ሰርጉዷል። ማሰሪያው ካለበት ጫፍ ጀምሬ ለካሁ፦ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና አራት፣ ዘጠና ሰባት፣ መቶ አንድ፣ መቶ ሦስት፣ መቶ ስምንት።

«ሰባት ሴቶች ታጥቀውታል» አልኳቸው ለክፍላችን ኃላፊ። ጋሽ ሚሊሜትር ነው የምንላቸው፤ ሲሰሙን አይቆጡም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

«ሰባት ቋጠሮ በይ እንጂ ሰባት ሴት አትበይ» አሉኝ። «አንዷ ሁለት ጊዜ ወልዳበት ከሆነስ?»

ይህን አላሰብኩም ነበር። ቀኑን ሙሉ ከራሴ አልወጣ አለኝ። ሁለት ጊዜ! እኔ በዘጠኝ ዓመት ትዳር ሦስት ጊዜ አርግዤ አንዱም አራተኛ ወሩን አላየም። አጥንታቸው እንኳ ባልተረፈ ሴቶች ቀናሁ። ምጥ ሲመጣ ሞትን ይፈሩ እንደነበር አውቃለሁ፤ ይህ ጸሎት ለጌጥ አልተጻፈም። ፍርሃታቸውን ሳይቀር ተመኘሁት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ታናሽ እህቴ ደወለች። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

«እትዬ፣ ማዋለጃ ክፍል አንድ ሰው ይዘሽ መግባት ትችያለሽ ብለውኛል።»

«ባልሽ አለ አይደል?»

«እሱማ ደም ካየ ዘጭ ነው! ሐኪሞቹ እኔን ትተው እሱን ሲያነሱ ልጄ በራሱ ጊዜ ወጥቶ ይጠብቃቸዋል። አንቺ ነሽ የምትገቢልኝ።»

«ሥራ አለብኝ። እናያለን» አልኳት። ያን ያህል የሚይዘኝ ሥራ አልነበረኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ብራናውን ለማቃናት አረጠብኩት። ደረቅ ብራና በግድ ቢዘረጋ ይሰነጠቃል፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሰን ስናቆየው ግን ይለሰልሳል። ታዲያ የለሰለሰ ብራና የሰጡትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ወዲያው በክብደት ይጫናል፣ እስኪደርቅም እጅ አይነካውም። ለአዲስ ሠራተኞች ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ። የድሮዎቹ ስርጉዶች እንዳይጠፉ ከጫፉ እስከ ሰማንያ ሳንቲሜትር ድረስ ብቻ አረጠብኩ።

ክብደቱን ሳልጭን እህቴ ሆዷን አስቀድማ ገባች።

«የነገርሽኝ መቀነት ይሄ ነው እንዴ? እትዬ፣ ለአንዴ ብቻ ልታጠቀው! በሞቴ!»

«ደንቡ አይፈቅድም።»

«አንቺና ደንብሽ! ልጆች ሆነን አሻንጉሊትሽን እንኳ እጄን አስታጥበሽ ነበር የምታስነኪኝ።» የልብስ መለኪያዬን ከጠረጴዛው አንስታ ሆዷ ላይ አዞረችው። «በይ እሺ፣ ቢያንስ ለኪኝ። ስንት ደረስኩ?»

ዘጠና ሰባት። ከሰባቱ ቋጠሮዎች አራተኛው ላይ ልክ ትገባለች። ቁጥሩን ነገርኳት፤ ከዚያች ከማትታወቅ ሴት ጋር እኩል መሆኗን ግን አልነገርኳትም። ልጁን አግኝታለች። ይህ እንኳ ለእኔ ብቻ ይቅርልኝ አልኩ።

በሩ ላይ ቆም አለች። «አልመለስሽልኝም እኮ። ትገቢልኛለሽ?»

«ሥራ ይበዛብኛል አልኩሽ።»

አየችኝ። «እሺ» አለች፣ ያለ ወትሮዋ ቀልድ ሳትጨምርበት።

ስትሄድ በሩን ቆለፍኩ። እጄን ታጠብኩ፣ አደረቅኩ። ብራናውን አንስቼ በወገቤ ዙሪያ አዞርኩትና ማሰሪያውን ቋጠርኩ። ልመናውን ከመጀመሪያው አነበብኩ፤ ባዶው ቦታ ላይ ስደርስ የራሴን ስም አልኩ። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ደቂቃ ቆጠረ። ምንም አልሆነም። ፈትቼ ዘረጋሁት፣ ክብደት ጫንኩበት፣ ምሳ ልበላ ወጣሁ።

በማግስቱ ክብደቱን ሳነሳ ብራናው እንደ ወረቀት ተቃንቶ ነበር። ሰባ አንድ ሳንቲሜትር ላይ ግን አዲስ ስርጉድ አለ። እርጥብ መሆኑን ረስቼ ነበር። እኔ፣ አስተማሪዋ!

ጋሽ ሚሊሜትር ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው መጡ። ሰኞ ያነሳሁትን ፎቶግራፍ ከጎኑ አደረጉና አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ሰኞ ሰባት፣ ዛሬ ስምንት። መንገድ ላይ ነው እንዳልል ፎቶውን ያነሳሽው እዚሁ ነው። ብራና ደግሞ ራሱን አይቋጥርም።»

«እኔ ነኝ። ታጥቄው ነበር።»

ዓይናቸው ወደ ወገቤ ሄደና ቶሎ ተመለሰ። መነጽራቸውን ጠረጉ። «ደግመን ብናረጥበው ቀለሙ ይለቃል» አሉ። «እንግዲህ አብሮት ይኖራል። መዝግቢው።»

የጉዳት መመዝገቢያውን ቅጽ አወጣሁ። ቦታ፦ ሰባ አንድ ሳንቲሜትር። ያደረሰው፦ አዳሿ። ምክንያት፦ «የጥንቃቄ ጉድለት» ብዬ ጻፍኩና አየሁት። ትክክል አይደለም። በሩን ቆልፌያለሁ፣ እጄን ታጥቤያለሁ፣ ሰዓት ይዣለሁ። በላጲስ አጠፋሁትና «ቅናት» ብዬ ጻፍኩ።

«ይሄ ቃል እዚህ ቅጽ ላይ ገብቶ አያውቅም» አሉ ጋሽ ሚሊሜትር።

«ትክክለኛው እሱ ነው።»

«ትክክለኛ ከሆነ ይቆይ» አሉና ፈረሙበት።

ከዚያ ለእህቴ ደወልኩ።

«መቀነቱን አንቺን ከለከልኩሽና እኔ ታጠቅኩት።»

«ደንቡስ?»

«ደንቡማ አለ። እኔ ግን የከለከልኩሽ ቀንቼብሽ ነው። ከድሮዎቹ ቋጠሮዎች አንዱም ዘጠና ሰባት ነው፤ እንዳንቺው። እሱንም ሆን ብዬ ደበቅኩሽ።»

«መቅናትሽንማ አውቃለሁ» አለች። «ድሮ ስደውል በሁለተኛው ጥሪ ነበር የምታነሺው። ካረገዝኩ ወዲህ በስድስተኛው ሆኗል። ምን ላድርግ፣ መቁጠር የተማርኩት ካንቺ ነው።»

«አሁንም አለቀቀኝም። ልጁን ሳየው ሊብስብኝ ይችላል።»

«እኔስ የማልፈራ መሰለሽ? እኔ ፈርቼ፣ አንቺ ቀንተሽ፣ እንደዚሁ እንገባለና! እጄን ለመያዝ ደስ ማለት የለብሽም። አጥብቀሽ ያዥኝ ብቻ።»

በማደሻ ክፍላችን ብዕር ክልክል ነው፤ የብዕር ቀለም ብራና ከነካ አይጠፋምና የምንጽፈው በእርሳስ ነው። ስልኩን ዘግቼ የሥራ ቀኖቼን መመዝገቢያ ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ከጥበቃው ብዕር ተዋስኩና እህቴ የምትወልድበትን ሳምንት ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩት።