የሐሰት ምስክሩ ቃል

አይ፣ እንዲህ አይናገርም፣ ወሰንየለሽ መስመሩን ትሰርዛለች፣ ለመሐል ሜዳ ትምህርት ቤት ተማሪዎቿ የምትጽፈው ድራማ ሦስተኛው ገቢር ላይ ተገትሯል፣ ወንድሙን በሐሰት የሚከሰው ሰውዬ አፉን ሲከፍት እንጨት ይሆናል፣ ክፉ ብቻ፣ ማን ያምነዋል? ታውቀዋለቻ። አጎቷ ጫኔ ነው፣ በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ፣ የደርግ ሹም የነበረ ሁሉ መሬቱ ሲቀነስ፣ ዘመሮ ከተማ ሕዝብ ፊት ቆሞ ወንድሜ ኪዳነ የደርግ ሹም ነበር ያለ፣ ያልነበረውን፣ አባቷ ኪዳነም የገብስ ማሳቸውን ተነጥቀው ሲሶ ብቻ ቀረላቸው።

ስምንት ዓመት አላናገረችውም፣ ትናንት ግን ሄደች፣ ለድራማው ነው እያለች፣ ውሸቷን ነው፣ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ያ ግንድ የሚያህል ሰው ግማሽ ሆኗል፣ ምን ፈልገሽ መጣሽ ልጄ? ያን ቀን ጠዋት ምን አሰቡ ጋሼ? ካልመሰከርክ ያንተንም መሬት እንነካለን አሉኝ፣ ልጆቼን አሰብኩ፣ አምስት አፍ፣ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ጮኼ ተናገርኩ፣ ስለጮኽኩ አመኑኝ። ይቅር በይኝ አላላትም።

አምስት አፍ። እነ አባቷ ቤትስ አፍ አልነበረም? ሆዷ ይባባል፣ ወዲያው ደሟ ይፈላል፣ ደግሞ ይባባል፣ ማዘኗ ማሳውን አይመልስም፣ ቁጣዋም ሰውየውን እንጨት አያደርገውም፣ እንግዲህ ሁለቱንም ይዛ ትጻፍ፣ ትጽፋለች፣ ሰውዬው ልጆቹን እያሰበ ይፈራል፣ ይጮኻል፣ ይዋሻል፣ አሁንም ውሸታም ነው። አሁን ግን ሰው ነው።

እስቲ ይስሙልኝ አባባ። አባቷ ከእሷ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም፣ ገቢሩን ታነብላቸዋለች፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ያዳምጣሉ፣ ስትጨርስ፣ ምን ነካኝ፣ ቁስላቸውን ቀሰቀስኩባቸው፣ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ፣

ጮኾ ነበር፣ ይላሉ፣ እውነት ነው። እንዲህ መፍራቱን ግን አላወቅኩም።

ምሬዋለሁ አላሉም፣ እሷም ይማሩት አላለችም። ብቻ፣ ያኛውስ ወንድም፣ ይላሉ፣ ባለማሳው፣ እንደ በግ ዝም ብሎ ሊቀር ነው? እሱም ይናገር እንጂ።

ምን ይበል አባባ?

መጀመሪያ ስሙን ይጥራው። ጫኔ፣ ይላሉ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጫኔ፣ ዋሸህብኝ፣ ልጆቼን አስራብክ፣ ብሎ ይንገረው፣ ከዚያ ደግሞ፣ ወሰንየለሽ ብዕሯን ታነሳለች፣ ቀስ ይበሉ አባባ፣ ቀስ ብለው፣ እየጻፍኩ ነው፣