ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ
ናፊሳ ችሎት የቆመችው ባሏን ለመቅበር ብቻ ነው። የክሊፎርድ አስከሬን እስካሁን ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ እህቱ ቨርና «ወንድሜ በሣጥን፣ ከናታችን ጎን ካልሆነ አይቀበርም» ብላ አሳግዳለች።

ክሊፎርድ ከሰለመ በኋላ በጻፈው ኑዛዜ «ሃይማኖቴ እንደሚያዝዘው ቅበሩኝ» ብሏል። የቨርና ጠበቃ እዚችው ላይ ሙጭጭ አለ። «እዚህ ካንሳስ ግዛት ውስጥ ፍርድ ቤት በውጭ ሕግ አይፈርድም። ሸሪዓ ደግሞ የውጭ ሕግ ነው። ኑዛዜው ይውደቅልን» አለ። ይሄን ሁሉ ዓመት ተምሮ ሬሳ ለማስከልከል! ናፊሳ ግን አልተበገረችም።

«ወይዘሮ ናፊሳ» አሉ ዳኛው፣ «ሸሪዓን ሳይጠቅሱ ባለቤትዎ የፈለጉትን ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

«አሳምሬ ነዋ። ታጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ ተከፍኖ፣ ያለ ሣጥን፣ በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ።»

ጠበቃው ብድግ አለ። «ከዚህ ከአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ማለት እኮ መካ ማለት ነው፣ ክቡር ዳኛ። ሕጉን በጓሮ በር እያስገባችው ነው።»

«ቨርናን አንድ ነገር ልጠይቃት» አለች ናፊሳ። ዳኛው ፈቀዱላት። «ቨርናዬ፣ ባልሽን ሮስኮን እንዴት አድርገሽ ነው የቀበርሽው?»

«እያወቅሽው?» ቨርና ፊቷ ቀላ። «የሚደግፈውን የኳስ ቡድን ማሊያ አልብሼ፣ ፊቱን ወደ ስታዲየሙ አዙሬ።»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ።

«የትኛው ሕግ አዞሽ?»

«የምን ሕግ? ስንት ዓመት ሲነዘንዘኝ ኖሮ! ባሌ ነው፤ የለመነኝን ባላደርግለት...» አለችና ዓይኗን ወደ ናፊሳ መለሰች። ያለችው ነገር ለራሷ የተሰማት ገና አሁን ነው። ጠበቃው እጅጌዋን ቢጎትታት ዞር ብላም አላየችው።

ዳኛው ብዙ አላስጠበቁም። «ክሊፎርድም የለመነው ይፈጸምለት» ብለው እግዱን አነሱ።

ናፊሳ ከበር ሳትደርስ ቨርና ተከትላ ደረሰችባት። ዓይኗ አብጧል።

«ብቻውን እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ።»

«ከሮስኮ መቃብር ስመለስ ወንድሜም ጋ ጎራ እላለሁ» አለች ቨርና አፍንጫዋን እየጠረገች። «ግን በየት በኩል እንደምቆም አሳዪኝ፤ ከጀርባው ቆሜ እንዳላወራው።»